ጭስ የቆጠረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ቆዪ፣ አትቸኩዪ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «መምህር፣ ስለ ስደተኞቹ እውነቱን ቤት ለቤት እየዞርኩ ብናገር ሰዉ ይስቅብኛል፤ ምርጫው ደግሞ ደርሷል፤ ልተወው ወይ?» ብለሽኛል። መልሴ ይህ ሰው ነው።

ሰውየው ገበሬ ነው፤ ዓይኑ ሩቅ ያያል። ከብት የጠፋበትም ሆነ እንግዳ የሚጠብቅ እሱን ነበር የሚጠይቀው። ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ያያል፣ ወርዶ ይናገራል፤ መንደሩም ያምነዋል። ተሳስቶ ስለማያውቅ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረበት። አይፈረድበትም።

መንደሩ ወንዝ ዳር ነው። ከወንዙ ማዶ ጦርነት ተነሣና ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ተሻግረው ከመንደሩ በታች ያለው ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ሜዳው የመንደሩ የበጋ ግጦሽ ነው። ሰዉ ተጨነቀ፤ «ስንት ናቸው?» አለ። ወርዶ የሚጠይቅ ግን ጠፋ። ሁሉም ወደ ገበሬው ዞረ።

ገበሬው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኮረብታው ላይ ወጣ። ከዚያ ርቀት ሰው አይለይም፤ ጭስ ግን ይታያል። በዚያ አገር ደግሞ አንድ ጭስ ማለት አንድ ቤት ማለት ነው፤ ግብር እንኳ የሚጣለው በጭስ ነበር። ጭሱን ቆጠረና ወርዶ «ከእኛ ይበዛሉ» አላቸው። አልዋሸም እኮ። ያየውን ነው የተናገረው።

ከዚያ ወዲያ ወሬው እሱን አልፈለገም፤ በራሱ እግር ሄደ። «ከእኛ ይበዛሉ» የተባለው «ሜዳውን ሊወስዱት ነው» ሆነ። ገበያ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ «መሣሪያ ደብቀዋል» ሆኖ መጣ። መሣሪያውን ያየ አልነበረም፤ ግን ማን ጠይቆ! በመንደሩ ብዙ ከብት ያለው አንድ ባለጠጋ ነበር። እሱ ሽማግሌዎቹን ወተወተና ሰዎቹ ይቆዩ ወይስ ክረምት ሳይገባ ወደመጡበት ይሻገሩ የሚለው በድምፅ እንዲወሰን ቀን ተቆረጠ። መሻገር ማለት ወደ ገዳዮቻቸው መመለስ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው አያነሣውም።

በዋዜማው የገበሬው ጊደር ጠፋች። ዱካዋ ወደ ሜዳው ወሰደው፤ ሳይወድ በግዱ ወረደ። ጊደሯን አንዲት ሴት አስራ ሣር ስታበላት አገኛት።

«ባለቤቷ እስኪመጣ ብዬ ነው፤ ጅብ እንዳይበላት» አለችው።

አመሰገናት፤ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። በሴትዮዋ ዙሪያ በአራቱም ማዕዘን እሳት ይጨሳል፤ መካከል ላይ ልጆቿ ተኝተዋል።

«እመት፣ ይህ ሁሉ እሳት የማን ነው?»

«የእኔው ነው።»

«ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል እሳት ምን ያደርግለታል?»

«ግድግዳ የለንማ፣ ወንድሜ። ጅቡን በምን እንከልክለው?»

ገበሬው ቀና ብሎ ሜዳውን አየ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በእሳት ታጥሮ ተቀምጧል። እሱ ቤት ብሎ የቆጠረው፣ ቤት ማጣታቸውን ነበር። አፈረ፤ ጊደሯን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ሰዉ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። በዚያ መንደር ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው፤ «ይቆዩ» የሚል በአንድ ወገን፣ «ይሂዱ» የሚል በሌላው ይቆማል። ገበሬው ቀድሞ ተነሣና «ተሳስቼ ነበር፤ ጥቂት ናቸው» አለ። የእሳቱንም ነገር ነገራቸው። ልፋ ያለው! ሳቁበት። ባለጠጋው «ምን አብልተው ላኩህ?» አለው።

አንቺ ተስፋ የቆረጥሽው እዚህ ጋ ነው። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ከሩቅ አይቼ ስነግራችሁ አመናችሁኝ፤ አጠገባቸው ቆሜ አይቼ ስነግራችሁ ካዳችሁኝ» አለ። «በሉ እንግዲያው እኔን አትመኑኝ። ግን ሰውን በሌለበት አንፈርድም። ድምፁን ሜዳው ላይ እንስጥ። ‹ይሂዱ› የሚልም ፊታቸው ቆሞ ይበል!»

ብትሩን አነሣና ቁልቁል መንገድ ጀመረ። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አጥብቃ ተከተለችው። ጎረቤቶቿ እሷን ተከተሉ። ባለጠጋውም ባዶ አውድማ ላይ ቆሞ ምን ሊያደርግ? እያጉረመረመ ወረደ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጫጫታው በረደ። ተደበቀ የተባለውን መሣሪያ ፈለጉ፤ ያገኙት ድስትና የሕፃን መጠቅለያ ነው። ሰዎቹም ገበሬው እንዳለው ጥቂት ነበሩ። ያሸነፋቸው ግን ቁጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ቢሆኑም ኖሮ ልጅ ልጅ ነው። ጅብን እነሱም ያውቁታል። ያለ ግድግዳ ልጅ አስተኝቶ ማደር ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም።

ገበሬው ሄዶ ከሴትዮዋ ጎን ቆመ። አሮጊቷም ቆመች። ከዚያ ሰዉ እየተጋፋ መጣ፤ ቦታ ጠበበ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ባለጠጋውና ጥቂት ዘመዶቹ በሌላው ወገን ቀሩ። ይቅሩ፤ ድምፅ ድምፅ ነው። ሲነጋ ወጣቶቹ መጥረቢያ ይዘው ወረዱ፣ ማገር ቆረጡ፣ ጭቃ አቦኩ። ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ፤ ወደ ገዳዩ የተመለሰ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል!

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ኮረብታው ሰው ስለ ስደተኛ የሚሰማበት ሬዲዮና ስልክ ነው። ጭሱ፣ ምክንያቱ ሳይነገር ለብቻው የሚነገር ቁጥር ነው። አውድማውም የምርጫ ጣቢያችሁ ነው፤ ሰው ባላየው ሰው ላይ የሚፈርድበት። እውነት ድምፅ ይለውጣል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አዎ፣ ይለውጣል። አንቺ ግን እውነቱን በወረቀት ይዘሽ በየበሩ ቆመሻል፤ ሰዉ ደግሞ ወረቀት ጠግቧል። ነገ ስታንኳኪ ብቻሽን አትሂጂ። ከስደተኞቹ አንዷን ይዘሽ ሂጂ፤ ስሟን ራሷ ትናገር፤ ለምን እንደመጣች እሷው ትመልስ። የሚስቅ አይጠፋም፤ በሩን የሚከፍት ግን ታገኛለሽ። በይ ተነሺ፣ ምርጫው ገና ነው።