የተዋበች አጥሚት

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ "እሺ" እያላችሁ ስሙኝ። ዝንጀሮም ጅብም የለበትም። ያሉት አንድ ባለወፍጮ፣ አንድ ጫማ ሰፊ፣ አንድ ባለሱቅና መሰሎቻቸው ናቸው። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቻችንም እነሱው ነን።

በአንዲት ትንሽ ከተማ እትዬ ተዋበች የምትባል ባለ ሻይ ቤት ነበረች። ታመመችና ሻይ ቤቱ ተዘጋ። ደንበኞቿ በበሩ ሲያልፉ "ዛሬም ዝግ ነው እንዴ?" አሉ እንጂ ጎራ ብሎ የጠየቃት የለም። ከገጠር መጥታ የምታስታምማት ታናሽ እህቷ አሰገደች ብቻ ነበረች። ተዋበች እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ዓይኗን ገልጣ፣ "አሰጉ፣ የአጃ አጥሚት አማረኝ" አለች።

የበሽተኛ አምሮት እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። እህል ያማረው በሽተኛ ሊድን ነው ይባላል። አሰገደች ከደስታዋ ብዛት እንባ በእንባ ሆነች። ከአገሯ ያመጣችውን አጃ ቋጥራ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠች። "በሙቀጫ አትወቅጠውም ነበር?" እንዳትሉኝ፤ የእጇ አንጓ አብጦ ማንኪያ እንኳ በግድ ነው የምትይዘው።

"ጋሼ፣ እባክህ ይቺን አጃ ፍጭልኝ። በሽተኛ ይጠብቀኛል" አለችው።

ባለወፍጮው ደርበው ቀና ብሎም አላያት። "ቺንጋው ተበጥሷል፣ እናትዬ። ጫማ ሰፊው አልሰፋልህም አለኝ። ያለ ቺንጋ ወፍጮው አይዞር። ነገ ነይ።"

እሷ ግን ነገን አልፈለገችም። ጫማ ሰፊው መንገሻ ጃንጥላው ሥር ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ አገኘችው። "ወንድም ዓለም፣ ቺንጋውን ለምን አትሰፋለትም? አንተ ቺንጋውን አልሰፋም አልክ፣ ባለወፍጮው አጃውን አልፈጭም አለ፣ እህቴ አጥሚቷን እየጠበቀች ነው።"

"በምን ልስፋው? በጥርሴ? ባለሱቁ ሲባጎ አልሸጥልህም ብሎ መለሰኝ። ነገ ነይ" አላት።

ባለሱቁ ሙዲን ስልክ ያወራል። ወሬው ሊያልቅ ሲል እንደገና ይጀምራል። አሰገደች ቆማ ጠበቀች፤ ስልኩን ሲዘጋ አጃዋን እያሳየች ነገረችው። "አንተ ሲባጎውን አልሸጥም አልክ፣ ጫማ ሰፊው ቺንጋውን አልሰፋም አለ፣ ባለወፍጮው አጃውን አልፈጭም አለ፣ እህቴ አጥሚቷን እየጠበቀች ነው።"

"ሲባጎው መጋዘን ነው ያለው። ቁልፉ ጓጉንቸሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ቁልፍ ሠሪው አልመጣም አለ። እኔ በሩን በክርኔ ልስበረው? ነገ ነይ።"

ቁልፍ ሠሪው ሐብቴ ምግብ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ በትልቁ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" ተብሎ ተጽፏል። ንጉሡ ግን ምሳ አላገኘም፤ ባዶ ጠረጴዛ በጣቱ ይመታል። "ወንድሜ" አለችው አሰገደች፣ "አንተ መጋዘኑን አልከፍትም አልክ፣ ባለሱቁ ሲባጎውን አልሸጥም አለ፣ ጫማ ሰፊው ቺንጋውን አልሰፋም አለ፣ ባለወፍጮው አጃውን አልፈጭም አለ፣ እህቴ አጥሚቷን እየጠበቀች ነው።"

"እኔም ምሳዬን እየጠበቅሁ ነው! አስተናጋጇ እንደ ምሰሶ እያየችኝ ታልፋለች። በባዶ ሆዴ መዶሻ አላነሳም።"

አስተናጋጇ ስንቅነሽ የተወለወለውን ጠረጴዛ መልሳ ትወለውላለች። አሰገደች አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። "ልጄ፣ አንቺ ምሳውን አላቀርብም አልሽ፣ ቁልፍ ሠሪው መጋዘኑን አልከፍትም አለ፣ ባለሱቁ ሲባጎውን አልሸጥም አለ፣ ጫማ ሰፊው ቺንጋውን አልሰፋም አለ፣ ባለወፍጮው አጃውን አልፈጭም አለ፣ እህቴ አጥሚቷን እየጠበቀች ነው።"

ስንቅነሽ ጨርቁን ወረወረችው። "ልጄን ትኩሳት አንድዶታል፣ እማማ! ጠዋት ሽሮፕ ልገዛለት ብሄድ መድኃኒት ሻጯ 'ነገ ነይ' ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። በየትኛው ልቤ ነው ሰው የማስተናግደው?"

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ማዘንበል ጀምራለች። መድኃኒት ሻጯ ውባለም ከመስታወቱ ጀርባ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አሰገደች ለጀርባዋ ተናገረች። "የኔ እመቤት፣ አንቺ ሽሮፑን አልሰጥም አልሽ፣ አስተናጋጇ ምሳውን አላቀርብም አለች፣ ቁልፍ ሠሪው መጋዘኑን አልከፍትም አለ፣ ባለሱቁ ሲባጎውን አልሸጥም አለ፣ ጫማ ሰፊው ቺንጋውን አልሰፋም አለ፣ ባለወፍጮው አጃውን አልፈጭም አለ፣ እህቴ አጥሚቷን እየጠበቀች ነው።"

"እኔንስ ማን አስተናገደኝ?" አለች ውባለም ሳትዞር። "ትናንት ደርበው የሚሉት ባለወፍጮ ሞተሩ እየዞረ እህሌን ሳይፈጭ 'ነገ ነይ' ብሎ መለሰኝ። ቤቴ እንጀራ ሳይጋገር ቀረ፣ ከባሌ ጋር ተጣላሁ፣ ተናድጄ መጣሁ።"

እንግዲህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ወፍጮ ቤት ገባ። አሰገደች የምትለምነው ሰው አለቀባት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ "ወይ እህቴ! ወይ ተዋበች!" ብላ አለቀሰች።

ውባለም ያን ጊዜ ዞረች። "የቷ ተዋበች? ባለ ሻይ ቤቷ?"

"እሷው ናት።"

"እትዬ ተዋበች ታማ ነው? ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ! እዚህ አገር ሰው ሳላውቅ ስመጣ 'እንኳን ደህና መጣሽ' ያለችኝ እሷ ናት እኮ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር። ውባለም ሽሮፑን ይዛ ሮጠች፣ "ለተዋበች ነው!" እያለች። አስተናጋጇ ሽሮፑን ለልጇ ላከች፣ "ለተዋበች ነው?" ብላ ምሳውን አቀረበች። ቁልፍ ሠሪው ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተነሳ፣ መጋዘኑን ከፈተ። ባለሱቁ ስልኩን ዘግቶ ሲባጎውን ሸጠ። ጫማ ሰፊው ቺንጋውን ሰፋ። ደርበው "ለእትዬ ተዋበች ነው እንዴ?" ብሎ ወፍጮውን አስነሳ፣ አጃውን ሁለት ጊዜ መልሶ አላመው። ለካስ ሁሉም ይቻል ኖሯል።

ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላል። ሁልጊዜ አይደለም። አሰገደች አጥሚቱን ሠርታ ስታቀርብ የተዋበች ጉሮሮ ተዘግቶ ነበር። በማንኪያ ጫፍ ከንፈሯን አራሰችላት።

"ዘገየሁብሽ፣ እትዬ" አለቻት።

"ማን ፈጨው?" አለች ተዋበች በሹክሹክታ።

"ደርበው።"

"ደክሞት ይሆናል። ሻይ አፍይለት።"

በማግስቱ አረፈች።

ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ። አቤት መስተንግዶ! ለለቅሶ "ነገ ነይ" የሚል የለም። ስንቅነሽ ሳትጠራ ትመጣለች፣ "ልጨምርልዎ?" ትላለች። ሐብቴ ወንበር ይሸከማል፣ ሙዲን ስኳሩን በነፃ ያመጣል፣ መንገሻ ጃንጥላውን ለሽማግሌ ይዘረጋል፣ ውባለም የራስ ምታት ኪኒን ታድላለች። ደርበው አንድ ኩንታል ጤፍ ማንም ሳይጠይቀው ፈጭቶ አመጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እንዲያ ያለ ደግ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። አይቼም እንዲያ አዝኜ አላውቅም።

ደርበው ከአሰገደች ፊት ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። "እትዬ አሰገደች፣ ይቅር በይኝ። የእትዬ ተዋበች እህት መሆንሽን ባውቅ ኖሮ ወፍጮውን በእጄም ቢሆን አዞረው ነበር።"

አሰገደች ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም። የምሯን ነው የጠየቀችው።

"እህቷ ባልሆንስ ኖሮ፣ ጋሼ?"

ደርበው ባዶውን የጤፍ ጆንያ ማጠፍ ጀመረ። ስንቅነሽ ሳህን እንደያዘች ቆመች። ከድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አልመለሰላትም፤ እኔም አልመለስኩላትም።

ተረቴ አለቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም፤ ዛሬ ዳቦም አያምረኝ።