እርጥቡ ሸንጎ

በወለላ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጭልጭሊት የምትባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ከምትገባበት አፍ አጠገብ፣ እርጥብ ሸንጎ የሚባል ቦታ አለ። ጥላ የለበት፣ መቀመጫ የለበት፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ብቻ ነው። የሐይቅ ዳር ጎጆዎች ማኅበር አባላት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እዚያ ገብተው ይመክራሉ። በደረቅ መሬት የተባለ ነገር እነርሱ ዘንድ ወሬ እንጂ ውሳኔ አይደለም። እንግዳ ሰው ሲያያቸው አብደዋል ይላል፤ ይበል።

አባቶች እንደሚናገሩት፣ በጥንት ዘመን ዳርቻው በሙሉ የባላምባራስ ቢተው ግዛት ነበር። ባላምባራስ ሎሚና ትርንጎ የሚወዱ ሰው ነበሩና፣ ለአትክልታቸው ብለው ጭልጭሊትን ከአፏ ላይ በድንጋይና በግንድ አስገድበው ወደ ማሳቸው መለሷት ይባላል። ክረምት ሲገባ በወንዟ ሽቅብ ወጥቶ የሚራባው ዓሣ መንገዱ ተዘጋበት፤ የሚፈስ ውሃ ያጣው የሐይቁ ጥግም አረንጓዴ ለብሶ መሽተት ጀመረ፤ ከዚያ የሚጠጡ ከብቶችም ልጆችም ታመሙ። በዳርቻው ለነበሩት አርባ ጎጆዎች ወይ ወንዟን ማስለቀቅ ወይ ቀዬውን ጥሎ መሄድ ብቻ ቀረላቸው።

ሰዎቹ ከአንድ ሾላ ሥር ተሰብስበው እንደሚመክሩ ባላምባራስ ሰሙና፣ ያለ ፈቃዳቸው በመሬታቸው ላይ የሚሰበሰብ ሰው ጎጆው እንደሚፈርስ አስለፈፉ።

በዚያን ጊዜ እመት አንጓች የሚባሉ፣ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ መበለት ነበሩ። ለፋፊውን አስቁመው፣ «የጌታህ መሬት እስከ የት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«እስከ ውሃው ጠርዝ ነዋ!» አላቸው።

እመት አንጓችም መቀነታቸውን አጥብቀው ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ዘወር ብለው፣ «ኑ እንጂ! ምን ይገትራችኋል? ከመሬታቸው ወርደንላቸዋል!» አሉ። አርባውም ጎጆ ተከተላቸው።

ሦስት ቀን እየተፈራረቁ ውሃ ውስጥ ቆመው መከሩ። በሦስተኛው ቀን ባላምባራስ አሽከሮቻቸውን አስከትለው በበቅሎ መጡ። በቅሎዋ ውሃውን አሽትታ አልገባም አለች። ባላምባራስ ከዳር ሆነው «ውጡ!» ብለው ቢጮኹ፣ እመት አንጓች ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው፣ «አልሰማንም ጌታዬ፣ ጠጋ ይበሉ!» አሏቸው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጮኹ፤ መልሱ ያው ሆነ። በመጨረሻ እልህ ይዟቸው ከበቅሏቸው ወረዱና ጫማቸውን አውልቀው ዘው አሉ።

ገና ቃል ሳይተነፍሱ አንድ ነገር ባታቸውን ያዛቸው። እግራቸውን አንስተው ቢያዩ አልቅት ነው፤ ሌላውም እግር ላይ እንዲሁ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም ይባላል፤ እኔ ግን የሳቀ አይጠፋም እላለሁ።

«ይህ የእርስዎ ነው ጌታዬ» አሉ እመት አንጓች። «ወንዟ ስትወርድ እዚህ አልቅት አልነበረም። ዓመት ሙሉ የእኛን ልጆች ሲመጥ ከርሞ ዛሬ ባለቤቱን አገኘ።»

«ነገ አየዋለሁ» አሉ ባላምባራስ፣ ጎንበስ ብለው እየነቀሉ።

«ነገ የለም!» አሉ እመት አንጓች፤ ሕዝቡንም አስከትለው ከውሃው ሳይወጡ ወደ ግድቡ አመሩ። አሽከሮቹ ትእዛዝ ፍለጋ ወደ ጌታቸው ቢያዩ፣ ጌታቸው ከአልቅቱ ጋር ተያይዘዋል። አንዳንዶች ባላምባራስ ራሳቸው «ይፍረስ» ብለው ፈቅደዋል ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ግን የእርሳቸው ዘሮች ናቸው። የሆነው ሆኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭልጭሊት ወደ ሐይቋ ተመለሰች።

ዛሬ ጎጆዎቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ ከከተማ መጥተው የሠሩም አሉ፤ ሸንጎው ግን ከቦታው አልተነቀነቀም። ዓምና አንድ ባለሥልጣን የወንዟ አፍ ተደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ደብዳቤ ይዞ መጣና ዳር ቆሞ በድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ዘውድነሽ ከውሃው መካከል ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው፣ «አልሰማንም ጌታዬ፣ ጠጋ ይበሉ!» አሉት። ሰውየው የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ተመልሶም መኪናው ውስጥ ገባ።

የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ እስካሁን አልተዘጋም። የመጨረሻው መስመር «ባለ ደብዳቤው እስኪገባ እየጠበቅን ነው» ይላል፤ ጭልጭሊትም እየፈሰሰች ነው።