ኮር ሲጨመርለት የቆመው ሰርቨር

አንድ ሰው ነበረ፤ የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ። ማሽኑ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ግቢ ተከራይ ብዙ ሰርቨር ይኖርበታል። የካርድ ክፍሉ አንድ፣ የፋርማሲው አንድ፣ የደም ባንኩም አንድ። ማሽኑ ሥራውን የሚሠራባቸው ኮር የሚባሉ አሉት፤ እጆቹ በሏቸው። ለማን ስንት እጅ እንደሚደርሰው የሚወስነው ይህ ሰው ነው።

እንዴት ይወስናል? የጮኸ ይጨመርለታል፣ ዝም ያለ ይቀራል። የተሰጠውን የሚመልስ ክፍል ደግሞ የለም። ለምን ይመልሳል? ነገ ቢቸግረኝስ ይላላ።

አንድ ረፋድ ላይ የደም ባንኩ ኃላፊ ሲስተር አስካለ ደወለች። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ አልከፈት አለኝ። የወለደች እናት ደም እየፈሰሳት ነው፤ የሚስማማት የትኛው እንደሆነ ማየት አልቻልኩም።»

ሰውየው ደነገጠ። ምን አደረገ? ኮር ጨመረላት። ሲስተሙ ባሰበት። ደግሞ ጨመረ። ጭራሽ ቆመ። ስልኩ ይጮኻል፣ እሱ ይጨምራል።

ለምን ባሰበት? የዚያ ማሽን ጠባይ እንዲህ ነው፤ ኮሮቹን ሁሉም ሰርቨር በየተራ ይጋራቸዋል፤ ብዙ ኮር የተሰጠው ሰርቨር የተሰጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተለቀቁለት ሥራ አይጀምርም። ስምንት ሆነው ታክሲ የሚጠብቁ ዘመዳሞች አይታችሁ አታውቁም? ሁለት ወንበር ያለው ይመጣል፣ «አንለያይም» ብለው ያሳልፉታል። ብቻውን የቆመው ግን ተሳፍሮ ይሄዳል።

ሰውየው እንደ ምንም ራሱን አረጋግቶ ማሽኑን ተመለከተ። የደም ባንኩ ሰርቨር ኮሮቹ ሁሉ እስኪለቀቁለት ወረፋ ላይ ነው።

«ሲስተር፣ ልቀንስብሽ ነው።»

«ጭራሽ ልትቀንስብኝ? ምን በደልኩህ?»

«ግድ የለሽም፣ እመኚኝ።»

ሰርቨሩን አጥፍቶ፣ ሁለት ኮር ብቻ ትቶለት መልሶ አስነሣው። ሲስተሙ ተከፈተ። ደሙ ተገኘ፣ እናትየዋም ተረፈች።

እናንተስ ምእመናን? ጸሎታችሁን አውቀዋለሁ፤ «ጌታ ሆይ ጨምርልኝ» ነው። ጨመረላችሁ። ታዲያ ዕረፍት አገኛችሁ? ስትነሡ ልባችሁ ይሮጣል፣ ስትተኙም ይሮጣል። ምን ትጠብቃላችሁ? እስኪሟላ። ደመወዙ ሲስተካከል፣ ልጆቹ ሲያድጉ፣ ያኔ እጸልያለሁ፣ ያኔ እታረቃለሁ ትላላችሁ። ሁሉ በአንድ ቀን የተሟላለት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ከመካከላችሁ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ቤቴን ልጨርስና እናቴን ከገጠር አመጣታለሁ» ብሎኝ ነበር። ዓመታት አለፉ። አሁን ደግሞ ኮርኒሱ ቀረኝ ይላል። ወንድሜ፣ እናትህ ኮርኒስ መች ጠየቀችህ? ያለችህን አንዲት ክፍል ጥረግና ነገ ሄደህ አምጣት።

እናንተም አትሳቁ። ከመካከላችሁ «ሲሟላልኝ» እያለ የሚያስጠብቀው ሰው የሌለው ማን ነው?