ጥርስ አልባው ውሻ እና የተሰረቀው ሙልሙል

በድሮ ዘመን፣ ውሻ ሲናገር ሰው ይሰማው በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ልቧ ለስላሳ፣ ምላሷ ስለታም። መከታ የሚባል ውሻ ነበራት። ልቡ ደፋር፣ አፉ ባዶ። የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ውብነህም ነበር። አፉ ይጾማል፣ ሆዱ አይጾምም።

የመከታ አፍ እንዴት ባዶ ሆነ አትሉኝም? አንድ ክረምት ነብር የመንደሩን ጥጆች ሊጨርስ መጣ። መከታ ዘሎ ያዘው፣ አልለቅም አለ። ነብሩ ሮጦ አመለጠ፣ የመከታ ጥርሶች ግን ነብሩ ቆዳ ላይ ተሰክተው አብረው ሄዱ። መንደሩ "ጎበዝ!" አለው። ከዚያ ረሳው። መንደር እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

ሁዳዴ ገባ። በዚያ አገር ሁዳዴ ሲገባ ድስቱ በአመድ ይታሻል፣ ቅቤው ይሸሸጋል፣ አጥንት የሚጥል ሰው ይጠፋል። ውሾች ሁሉ ሳይወዱ በግድ ይጾማሉ። ሌሎቹ ደረቅ ቂጣ እየቆረጠሙ ሰነበቱ። መከታ በምኑ ይቆርጥም? ቂጣውን ይልሰዋል፣ ያገላብጠዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። የጎን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር ሆነ።

ሹሙ ይህን አየና መንደርተኛውን ዋርካ ሥር ሰብስቦ ፈረደ። "ጥርስ የሌለው ውሻ ምን ይሠራል? ከዛሬ አራተኛው ቀን እዚሁ ይቅረብ። በእግሩ ቆሞ ሦስት ጊዜ ካልጮኸ ወደ ጅብ ገደል ይሸኛል።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ሹሙ በሰው ጓሮ ሲዞር መከታ ይጮኽበት ነበር። ነገሩ እሱ ነው።

ደብሪቱ መከታን እንደ ልጇ ትወደው ነበርና አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ተነሳች። ለውሻው ብቻ የለየችውን አሮጌ ሸክላ ከጓሮ አመጣች። ከቅበላው በግ ያስቀረችውን ደረቅ አጥንት ቀቀለች። የገብስ ዱቄት በመረቁ ለወሰች፣ የበሰለ ዱባ ጨፍልቃ ጨመረች፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለለች፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ ጋገረች። ሦስት ሙልሙል ወጣ። ጾመኛ ናትና አልቀመሰችውም። በጣቷ ጫን አደረገችው፣ ጣቷ ሰመጠ።

"ይህንንስ ድድም ይበላዋል" አለች።

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ደረደረችውና፣ "መከታዬ፣ ትኩሱ ሆድህን ያምሃል፤ ሲበርድ ብላ" ብላ ቅዳሴ ሄደች። መንደሩ ሁሉ ቅዳሴ ሄዷል። ሹሙ ብቻ "መንደር እጠብቃለሁ" ብሎ ቀርቷል። የጠበቀውን አሁን ታያላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሹሙን ሽታው ጠራው። አጎንብሶ አሸተተና፣ "ዱባ ነው። ዱባ ደግሞ የጾም ነው" አለ። በላው።

በሁለተኛውም ቀን ደብሪቱ እንደዚያው ጋግራ ሄደች፣ ሹሙም መጣ። አሸተተና፣ "ዱባ ነው። አጥንት አጥንት የሚለኝ ረሃቤ ነው" አለ። በላው።

በሦስተኛው ቀን መጣ። አላሸተተም። ግን ቆዩ፣ ከሦስተኛው ቀን በፊት የሆነ ነገር አለ።

ደብሪቱ በሁለተኛው ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ውሻዋን ዳሰሰችው።

"መከታዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በልተህ እንዴት ከሳህ?"

"እኔ መች በላሁ? ሹሙ ነው የበላው።"

"ታዲያ አትነክሰውም?"

"ነከስኩት። ባቱን በድዴ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። 'ተው፣ ትኮረኩረኛለህ' እያለ እየሳቀ በላው።"

ደብሪቱ አሰበች። ውሻ በሹም ላይ ቢመሰክር ማን ያምነዋል? በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓይነት ጋገረች። ለስላሳውን ለመከታ ቤት ውስጥ ደበቀችለት። አጥሩ ሥር የደረደረችው ግን መረቅ የለው፣ ዱባ የለው፣ ዱቄት በውሃ ለውሳ እሳት ያሳየችው ብቻ ነበር። ሹሙ መጣ። ሳያሸት በላው። ፊቱን አጨማደደ። የሌባ ነገር፣ አጨማዶም ጨረሰው።

አራተኛው ቀን ደረሰ። መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። መከታ በአንድ ቀን ምሳ ጉልበት በአራት እግሩ እንደምንም ቆመ። አንድ ጊዜ ጮኸ። ሁለተኛ ጮኸ። ለሦስተኛው አፉን ከፈተ፣ ስቅታ ብቻ ወጣ።

"አልጮኸም! ይሸኝ!" አለ ሹሙ።

"ፍርዱን እቀበላለሁ ጌታዬ" አለች ደብሪቱ አጎንብሳ። "ግን አንድ ነገር ገርሞኛል። ሦስቱንም ቀን በመረቅና በዱባ ነው የጋገርኩለት። እንዴት ሳይበረታ ቀረ?"

ሹሙ ትናንት የበላው ነገር ትዝ ሲለው ደሙ ፈላ።

"ዋሾ! የትናንቱ መረቅም ዱባም አልነበረውም! ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሊጥ ነው! በዚያ ማን ይበረታል?"

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ተድላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ሹሙ፣ የማን ጉሮሮ ላይ ነው የተለጠፈው?"

"የ... የውሻው።"

"ውሻው ነገረዎት?"

"አዎ፣ እሱ ነው የነገረኝ።"

"አልነገርኩትም" አለ መከታ።

አያ ተድላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የትናንቱ መረቅ እንዳልነበረው ያወቀ፣ የቀድሞው መረቅ እንደነበረውም ያውቃል። ያውም በሁዳዴ። እኔ እስከ ዛሬ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የምሰማው። ሹም በበላበት ሲጮኽ ገና ዛሬ አየሁ።"

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ወንዶቹ ሳቁ፣ መከታም ሳቀ። የውሻ ሳቅ ደግሞ ያው ጩኸት ነው። ሦስት ሞላ!

"መከታ ነጻ ነው" አሉ አያ ተድላ። "ሹሙ፣ የጾሙን ነገር ከነፍስ አባትዎ ጋር ይጨርሱት። የውሻውን ነገር እኛ እንጨርሰዋለን። እስከ ፋሲካ ድረስ ሙልሙሉን የሚጋግሩት እርስዎ ነዎት። በራስዎ ዱቄት፣ በራስዎ እጅ። ጣት መላስ ክልክል ነው።"

በዚያ አገር ወንድ ዳቦ ሲጋግር ታይቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ቀን አሳረረው። የሁለተኛውን ቀን ጥሬ አወጣው። በሦስተኛው ቀን ደብሪቱ ጣቷን ጫን አደረገችበት፣ ሰመጠ። መከታም በየቀኑ ከመብላቱ በፊት የሹሙን ጢም ያሸት ነበር። ጢሙ መረቅ መረቅ ካለ ደብሪቱን ይጠራታል። ሁለት ጊዜ ጠርቷታል። እኔ ስም ማጥፋት አልወድም፣ ግን ጠርቷታል።

ፋሲካ ሆነ። መከታ ወፈረ፣ ጸጉሩ አበራ። ሹሙ የመጨረሻዎቹን ሙልሙሎች አምጥቶ አቀረበለትና ዞሮ ሊሄድ ሲል፣ መከታ አንዱን በድዱ ይዞ እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

"ጌታው፣ ዛሬ ተፈትቷል። ይብሉ" አለው።

ሹሙ አነሳውና በላው። ለስላሳ ነበር፣ ግን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሳያዘው ለመንደሩ አሮጌ ውሾች ሁሉ ይጋግር ጀመር ይባላል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ደግሞም ከደካማ አፍ የተነጠቀ ጉርሻ ሆድ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አንድ ቀን በራሱ መንገድ ይናገራል። ተረቴ አለቀ። ነገሩን ለእናንተ ሰጠሁ፣ ሙልሙሉን ለመከታ፣ ጣታችሁን ግን አትላሱ።