ትሪ ላይ የተረፈው

ያልጋነሽ የሰፈሩን የፊደል አስተማሪ የኔታ ክንፉን ጠየቀቻቸው። «የኔታ፣ በአንድ ጭብጥ ሽሮ አምስት ሰው አበላለሁ፤ ደግሞም ይተርፋል። ይህ በረከት አይደለም?»

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ከባሏ፣ ከልጆቿና ከባሏ እናት ጋር ትኖር ነበር። ኑሮ ሲከብዳት ብልሃት አበዛች። ሽሮውን አቀጠነችው፤ ድንች ከትፋ ጨመረችበት፤ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በውኃ አቁላላች። ጎረቤቴ ስለነበረች እኔም ቀምሼዋለሁ። ትኩስ ነው፣ ሆድ ይሞላል፣ እጇም ይጣፍጥ ነበር።

«እራት ሲቀርብ አሮጊቷ ሦስት አራቴ ትጎርስና እጇን ታነሣለች። ‹ይብሉ እንጂ እማማ› ሲሏት፣ ‹ጠገብኩ ልጄ› ትላለች። ከፊቷ ሁልጊዜ እንጀራ ይተርፋል። ምራቷ ትራፊውን ጠዋት ለልጆቹ ፍርፍር እያደረገች፣ ቤቴን ባረከልኝ ብላ ታመሰግናለች። ከተረፈማ ብላ በማግስቱ ከሽሮው ቀነሰች። አሁንም ተረፈ፤ ደግሞ ቀነሰች። አይ ሞኝነት።

«አንድ ቀን ገበያ ልትሄድ ወጥታ ዘንቢሏን ስለረሳች ተመለሰች። አሮጊቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ያልታጠበውን ድስት በውኃ እያለቀለቀች ትጠጣ ነበር። ምራቷ በር ላይ ቆማ ቀረች። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻትና ‹ድስቱን ላጥብልሽ ብዬ ነው› አለቻት።

«ያን ዕለት ምራቷ ለወሩ ያስቀመጠችውን ሽሮ ሁሉ አወጣች። ወፍራም አድርጋ ሠራችና በእጇ አጎረሰቻት። አሮጊቷ ግን ሁለቴ ጎርሳ አልወርድ አላት። ‹የዛሬውስ የምር ነው ልጄ፣ ጠገብኩ› አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልቆየችም። ስንሸከማት ቃሬዛው ላይ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።»

የኔታ ወደ ያልጋነሽ ዞሩ።

«ያቺ ሴት አንቺ ነሽ ልጄ። በረከት የምትዪው የአንድ ሰው ጉርሻ ነው። ዛሬ እራት ላይ ትሪውን አትዪ፤ ቀድሞ እጁን የሚያነሣውን እዪ።»

«የምጨምረው ከሌለኝስ የኔታ?»

«ከሌለሽ የለሽም። እኔም የምሰጥሽ የለኝም። ግን የለኝም ብለሽ ንገሪያቸው። ከተራባችሁ አብራችሁ ተራቡ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይራብላችሁ።»

ያልጋነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አባቴ ናቸው» አለች። «ሁልጊዜ ቀድመው የሚያነሡት አባቴ ናቸው።»