ስሜ መጀመሪያ ካልገባ
ስማኝማ፣ ይሄን ሳልነግርህማ አላድርም! አንድ የዶክትሬት ተማሪ ነበር አሉ። የእንሰት በሽታ አጠናለሁ ብሎ ጉራጌ ወርዶ ክረምት ከበጋ ጭቃ ሲያቦካ ከረመ። አማካሪው ፕሮፌሰር አዝመራው ደግሞ እንሰትን የሚያውቁት ቆጮ ሆኖ ከክትፎ ጋር ሲቀርብላቸው ነው። ልጁ ብቻውን ጻፈና የሳቸውን ስም ከራሱ ቀጥሎ አስገብቶ ለጆርናል ላከው። ሰውየው ይሄን ሲሰሙ ጨሱ! መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት አስጠሩት።

«አንተ! እኔ ባላማክርህ እዚህ ትደርስ ነበር? ስሜ መጀመሪያ ካልገባ የመመረቂያ ፊርማዬን አታገኛትም!»

ያለሳቸው ፊርማ ደግሞ ምርቃት የሚባል ነገር የለም፤ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ሊገባ ነው። ልጁ ንዴቱን ዋጥ አደረገና፣

«እሺ ፕሮፌሰር፣ ደስ ይለኛል። የጆርናሉ ገምጋሚዎች አስተያየትም ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል» አለ።

«ምን አሉ?»

«‹የመጀመሪያው ጸሐፊ ገና ጀማሪ ነው፤ የሚያማክረው ሰው ይፈለግለት› ነው ያሉት። ግን ምንም አያስቡ ፕሮፌሰር፣ እኔ አማክርዎታለሁ። የጻፉትን ሲያመጡልኝም ሳላነበው ዓመት አላስቀምጥብዎትም።»