የአዜብ ስም ያለበት ማሽን

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ጋሽ ልሳኑ የሚባሉ ሰው ጌም ቤት ነበራቸው። ጌም ቤት ስላችሁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ መዋልን እንዳታስቡ። ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ሳንቲም የሚጎርስ፣ ቆመው የሚጫወቱበት ማሽን ነው የምላችሁ። በባቡር ከጅቡቲ የመጡ አራት ነበሩ። ሦስቱ ተበላሽተው ተጣሉ፣ አንዱ ብቻ ተረፈ። ተጫዋቹም ቀስ በቀስ መምጣት አቆመ።

ጋሽ ልሳኑ ግን በየጠዋቱ በራቸውን ይከፍታሉ፣ ማሽኑን ያበራሉ፣ ወንበር ስበው ፊቱ ይቀመጣሉ። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ማሽኑ የሚነካው ሰው ሲያጣ አንድ አጭር ዜማ ያሰማና ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገቡ የአሥር ሰዎችን ስም ያሳያል፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት የፈረንጅ ፊደል። ከሁሉም በላይ «AZB» ተብላ ያለችው አዜብ ናት። አዜብ የጋሽ ልሳኑ አንድ ልጅ ነበረች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በወባ ሞተች። «ፎቶዋን ያነሳው ሌላ ሰው ነው» ይሉ ነበር፣ «ይህን ግን በገዛ እጇ ነው የጻፈችው።» ስሟ ብቅ ሲል «እንደምን አደርሽ» ይሏታል።

አንድ ቀን ስክሪኑ ጠቆረ። ማሽኑ ይሠራል፣ ዜማው ይሰማል፣ ምስል ግን የለም። ጋሽ ልሳኑ ወንበራቸውን አልተዉም። ሁለት ወር ሙሉ ዜማው በመጣ ቁጥር ወደ ጥቁሩ መስታወት ጎንበስ ብለው «እንደምን አደርሽ» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። 

በመጨረሻ በእድር ስብሰባ ላይ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ወራሽ የለኝም። የልጄን ስም መልሶ ያሳየኝ ሰው፣ ከእኔ በኋላ ማሽኑን ይውሰደው።» ሁላችንም ሰማን። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

መጀመሪያ የተነሣው ቴሌቪዥን ጠጋኙ ኢብሳ ነበር። ኢብሳ ያረጀ ዕቃ ሲጣል የሚያመው ሰው ነው፤ ሱቁ ማንም በማይመጣላቸው ሬዲዮዎች ተጨናንቆ እሱ መግቢያ ላይ ይቀመጣል። ማሽኑን ከፍቶ አየና ምስል የሚያወጣው የመስታወት ቱቦ እንደ ሞተ፣ ምትኩም ከእንግዲህ እንደማይገኝ ነገራቸው። «ፍላት ስክሪን ነው የሚያዋጣው ጋሼ» አለ። ከደንበኛ አንድ ተውሶ ገመዱን በቀጥታ ቢያገናኘው ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ብሎ ቁጭ አለ። አሮጌው ማሽን ምስሉን የሚልክበት አካሄድ ለአዲሱ ስክሪን አይገባውም፤ መሃል ገብቶ የሚያስተረጉምላቸው ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ኢብሳ ያንን ከውጭ አስመጣ። ስድስት ሳምንት ጠበቀ፤ እስኪመጣም የማሽኑን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየለካ በደብተር ሣለ። ይህን ሁሉ ማንም አልቀጠረውም።

ኮንቨርተሩ ሲመጣ የተውሶ ስክሪኑን ባለቤቱ ወስዶት ነበር። ያኔ ደምሰው መጣ። ደምሰው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፣ ያለው ጓደኛ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፍላት ስክሪን ነው። ራቱን ፊቱ ይበላል፤ ዜና አንባቢዋ «ደህና አምሹ» ስትል መልስ ይሰጣል እያልን እንቀልድበት ነበር፣ ነውርም አይሰማን። እሱ ግን ስክሪኑን ከግድግዳው ነቅሎ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በባጃጅ አመጣው።

«አንተስ ምን ታያለህ?» አሉት ጋሽ ልሳኑ።

«እስካሁን ያየሁት ይበቃኛል» አለ።

በማግስቱ ሳልፍ ደምሰው ቤት ውስጥ፣ ስክሪኑ ወደነበረበት ግድግዳ ዞሮ እየበላ ነበር። በመስኮት ነው ያየሁት። እንዳያየኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ሦስተኛዋ ሰዓት ሠሪዋ ዛህራ ናት። የመስታወት ሳጥን በምታክል ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች፤ ዘንድሮ ሰዓት የሚያሠራ ሰው የለም፣ ሰላም የሚላትም ጥቂት ነው። የሥራው ዕለት ልታይ ብቻ ነበር የመጣችው። ኢብሳ የማሽኑን ቦርድ፣ ያ አንጎሉ የሆነውን ሰሌዳ፣ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ፣ «አቁም!» ብላ ጮኸች። ቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ማሽኑ ሲጠፋ ስሞቹን የምታስታውሰው እሷ ናት። አርጅታ አረንጓዴ ዝገት አውጥታ፣ ክር በምታክል ሽቦ ተንጠልጥላለች። ቢነካት ትወድቃለች፣ አዜብም ከነነጥቧ ትጠፋለች። ስድስት ሳምንት የለካው ኢብሳ ይህን አላየም።

ዛህራ አዲስ ባትሪ አምጥታ በሁለት ወረንጦ ከቦርዱ ጋር አገናኝታ ያዘች። አሮጌዋ ስትነሣ ስሞቹ በዛህራ ጣቶች ላይ ቀሩ። ኢብሳ አዲሷን ሊበይድ መበየጃውን እንዳነሣ መብራት ጠፋ። የድሬዳዋን መብራት ታውቁታላችሁ። መበየጃው ቀዘቀዘ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ በዚያ ሙቀት ዛህራ ሳትነቃነቅ ያዘች። ደምሰው ላብ በጨርቅ ይጠርግላታል። የቀትር አዛን ተሰማ፣ ሰዓቱም አለፈ። ሊቀበላት የፈለገውን ሁሉ «እጅህ ይንቀጠቀጣል» እያለች መለሰች። መብራቱ የመጣው ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ባትሪዋ ተበየደች፣ ዛህራም ጣቶቿን ማጠፍ እንዳቃታት ልትሰግድ ሄደች።

በማግስቱ ኢብሳ ኮንቨርተሩን ገጠመ። ዜማው መጣ፣ ስሞቹም መጡ፣ ከሁለተኛው ጀምረው! የላይኛው መስመር በስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጧል። ጋሽ ልሳኑ ፊታቸው አመድ መሰለ። ኢብሳ በኮንቨርተሩ ትንንሽ ቁልፎች ምስሉን ስንዝር በስንዝር ወደ ታች ጎተተው፤ አዜብም ከላይ ወጣች። ጋሽ ልሳኑ «እንደምን አደርሽ» ማለት አቅቷቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ!

ዘጠኝ ጠዋት አዩዋት። በዐሥረኛው ቀን በራቸው ሳይከፈት ረፈደ። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት።

በሳልስቱ እድሩ ተሰበሰበ። አከራዩ ቤቱን እስከ እሑድ ልቀቁ ብሏል፣ ማሽኑ ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። «ያሳየኝ ሰው» ነበር ያሉት፤ ያሳዩአቸው ግን ሦስት ሆነው ፊታችን ቆሙ።

ኢብሳ «ሱቄ በር ላይ አቆመዋለሁ» አለ። «የሰፈሩ ልጆች ይጫወቱበታል።»

«የአዜብን ነጥብ ቢበልጡስ?» አልነው።

«ትወርዳለች። አንድ ቀን ከዝርዝሩም ትወጣለች፣ አልዋሻችሁም። ግን ማሽን ካልነኩት ይሞታል። እሷም ስሟን የጻፈችው ስትጫወት ነው።»

ደምሰው «እኔ ቤት ይግባ» አለ። «አንድ ሰው አይነካውም። ጠዋት ጠዋት አበራዋለሁ፣ እንደምን አደርሽም እላታለሁ።» ከዚያ መሬት መሬት እያየ ጨመረ፦ «ብቻዬን ነኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ቤቴ ውስጥ ሰላም የምለው ስም ቢኖር ደስ ይለኛል።» ስክሪኑ የራሱ እንደሆነ ራሱ አላነሣም። ሌላ ሰው ነው ያነሣለት።

ዛህራ «ሳጥኑንም ስክሪኑንም ውሰዱ፣ እኔ ቦርዱን ብቻ ስጡኝ» አለች። «ባትሪዋ በጥቂት ዓመት ትደክማለች። እነሱ ቀኑን ይረሱታል፣ እኔ አልረሳም።»

«ከሱቅሽ ሳጥን ውስጥ አዜብን ማን ያያታል?» አልናት።

«ማንም። ግን አትጠፋም።»

ተከራከርን። ለኢብሳ የፈረደው ሰው ልጆች ስሟን ሲያወርዱት ታየውና ከፍርዱ ተመለሰ። ለደምሰው የፈረደው፣ ደምሰው ራሱ ሲሞትስ ብሎ ተመለሰ። ለዛህራ የፈረደውም የማይነበብ ስም ምኑ ስም ነው ተባለና እሱም ተመለሰ። እኔ ራሴ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ለወጥኩ።

እሑድ ምን እንደወሰንን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ መከራከር ታቆማላችሁ። እናንተ ከእድሩ ወንበር በአንዱ ላይ ብትቀመጡ፣ እነዚያ ሦስት ብቸኛ ሰዎች ዓይን ዓይናችሁን እያዩ ቢጠብቁ፣ የአዜብን ስም ለማን ትሰጡ ነበር?